ስልጠና፣ ክበብ፣ ስኮላርሺፕ ወይስ የቀበሌ ወንበር? ለድሬና ለሐረር ወጣት ሴቶች የመሪነት መንገድ መምረጫ

ክረምቱ ሲቃረብ የቴሌግራም ቻናሎች በማስታወቂያ ይሞላሉ፤ የወጣት ሴቶች የአመራር ስልጠና፣ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ስኮላርሺፕ፣ የአፍሪካ ወጣት መሪዎች ፕሮግራም። ድሬዳዋ ላይ ከሴት ተማሪዎች ጋር ስሠራ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የቱን ልያዝ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጊዜም የቤተሰብ ገንዘብም የተወሰነ ነው፤ አንዳንዱ በር ደግሞ ዕድሜ ካለፈ አይከፈትም። ስለዚህ ለአንቺ ለወጣቷ እህቴ፣ ልጃቸውን የት እንደሚልኩ ለሚያስቡ እናትና አባትም ጭምር፣ መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የማምንበትን እናገራለሁ። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የምታመለክቻቸው ቅጾች የሚጠይቁሽም በዚያው ነው።)

በምን እንመዝን?

ሦስት ጥያቄ ይበቃል። እዚያ ገብቼ የምወስነው ነገር ምንድን ነው? ለምን ያህል ጊዜ? ሲያልቅስ ከጎኔ የሚቆም ማን አለ? ሰርተፍኬቱን አራተኛ አድርጊው። አንድ ፕሮግራም ሲያስተምርሽ ከርሞ አንዲት ውሳኔ፣ ጥቂት ብር ወይም አንድ ሰው እንኳ በኃላፊነት ካልሰጠሽ፣ ስለ መሪነት ሰማሽ እንጂ አልመራሽም።

ይህን የምለው ከራሴ አውጥቼ ብቻ አይደለም። ሳና ማሪን በ2019 በ34 ዓመቷ የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን ዓለም ያየው ዕድሜዋን ነበር። ከዚያ በፊት ያለፈችበትን ግን ተመልከቺ። በ2008 ለታምፔሬ ከተማ ምክር ቤት ተወዳድራ አልተመረጠችም። በ2012 ተመረጠች፣ በዓመቱ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ሆነች፣ ከዚያም ስለ ከተማዋ የባቡር መስመርና ስለ በጀት ሲከራከሩ የሚውሉ ሰዎችን ስብሰባ ለዓመታት መራች። የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍም በ2005 ምርጫውን አሸንፋ በአፍሪካ የመጀመሪያዋ በምርጫ የተሾመች ሴት ፕሬዚዳንት ከመሆኗ በፊት በገንዘብ ሚኒስቴር፣ በባንክና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ከሂሳብና ከሠራተኛ ጋር ስትታገል ኖራለች። ሁለቱንም ያዘጋጃቸው በየደረጃው በእጃቸው የገባው ኃላፊነት ነው።

አገራችን ውስጥ ከላይ ያለው ወንበር ለሴት መከፈት ጀምሯል። በ2018 ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ፣ ሳህለወርቅ ዘውዴም የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2021 ከተመረጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ40 በመቶ በላይ ሴቶች ናቸው። ወደዚያ የሚያደርሰው የታችኛው ደረጃ ግን ገና ሳስቷል፤ የትምህርት ቤት፣ የሠፈር፣ የፋብሪካው ደረጃ ማለቴ ነው። አብዛኛውን ቃሌን እዚያ ላይ የማውለውም ለዚህ ነው።

የሦስት ቀን ስልጠና

በሆቴል አዳራሽ፣ ከሻይ ቡና ጋር፣ አንዳንዴም ከአበል ጋር። ሂጂ፣ ክፋት የለውም። መነቃቃት ታገኛለሽ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ትተዋወቂያለሽ፣ በሰው ፊት መናገር ትሞክሪያለሽ። ከሌላ ነገር ጋር ከተጋጨ ግን የሚቀረው እሱ ይሁን። ከመመዝገብሽ በፊት አዘጋጆቹን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ከስልጠናው በኋላ ምን እንድሠራ ትፈልጋላችሁ፣ ማንስ ይከታተለኛል?» ግልጽ መልስ ያለው ስልጠና ከሌላው አሥር እጥፍ ይሻላል።

ልዩነቱን ለማየት ኡጋንዳን ልጥቀስ። ብራክ የተባለው ከባንግላዴሽ የተነሳ ድርጅት በ2008 በየመንደሩ የልጃገረዶች ክበብ ከፈተ። ክበቡ በሳምንት አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው፤ የምትመራው ከልጆቹ ትንሽ ከፍ የምትል የዚያው መንደር ወጣት ሴት ናት፤ የሕይወት ክህሎትም የሙያ ስልጠናም ይሰጣል። ተመራማሪዎች ክበብ ያላቸውን መንደሮች ከሌላቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ የጀመሩት ልጃገረዶች ቁጥር በግማሽ ያህል ጨምሮ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ማርገዝም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ አገኙ። በሦስት ቀን የሚመጣ ለውጥ አይደለም። የዘወትር መገናኛ ቦታ፣ ከእሷ ብዙ የማትርቅ ታላቅ እህት እና ረጅም ጊዜ ጠይቋል።

የትምህርት ቤት ክበብና ቀይ መስቀል

ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለሽው ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ሚኒ ሚዲያ፣ የሴቶች ክበብ፣ የተማሪዎች ፓርላማ፣ የቀይ መስቀል ክበብ፤ ገንዘብ አያስከፍሉም፣ ከቤት አያርቁም፣ ዓመቱን ሙሉ ይቆያሉ። ጓደኞችሽ «አቦ ተይው፣ ምን ይጠቅምሻል» ይሉሻል። የሚጠቅምሽ ግን በምትይዥው ቦታ ነው፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

በብዙ ክበብ ውስጥ ያለውን የሥራ ክፍፍል ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ሰብሳቢው ወንድ ነው፣ ጸሐፊዋ ሴት ናት፣ እንግዳ ሲመጣ ውኃና አበባ የሚያቀርቡትም ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ቆይታ አንድም አጀንዳ ሳታስይዝ ትመረቃለች። ስለዚህ ከተቻለ ለሰብሳቢነት ተወዳደሪ። ካልተቻለ ገንዘብ ያዥነትን ያዢ። በስም ብቻ ካለ ምክትልነት ገንዘብ ያዥነት ይበልጣል፤ ወጪ ስታጸድቂ፣ ደረሰኝ ስትጠይቂ፣ «አይሆንም» ስትይና ምክንያቱን ስታስረጂ ነው ሰው ሥልጣንሽን የሚያውቀው። ጸሐፊ ብቻ ከሆንሽም አጀንዳውን አንቺ አዘጋጂ፤ ስብሰባውን ግማሽ መንገድ የሚመራው አጀንዳ ያዘጋጀው ሰው ነው።

በዓለም ዙሪያ በ150 ገደማ አገሮች 10 ሚሊዮን ያህል አባላት ያሉት የልጃገረዶች ስካውት እንቅስቃሴ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው በአንድ ቀላል አሠራር ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ያሉት ትንሽ ቡድን ይመሠረታል፣ ከመካከላቸው አንዷ ትመራለች፤ ጉዞውን፣ ምግቡን፣ ሥራውን ራሳቸው ያቅዳሉ። አዋቂዎቹ ከኋላ ይቆማሉ። ይህን አሠራር ለመውሰድ ዩኒፎርም አያስፈልግም። ክበብሽ መቶ አባል ካለው ወደ ትናንሽ ቡድኖች ክፈሉትና እያንዳንዷ ልጅ በየተራ እንድትመራ አድርጉ። መቶ ሰው ባለበት አንዷ ብቻ ናት የምትለማመደው።

ቀይ መስቀል በድሬ ለብቻው መነሳት አለበት። በ2006 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ የሄደበት ከተማ ነው ይሄ። ዝናብ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ሲጥል እዚህ በደረቅ አሸዋ ላይ የቆመ ሰው አደጋው አይታየውም። የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነች፣ ማንን ከየት ቤት ማውጣት እንዳለባት የምታውቅ፣ ሠፈሯን በስም የምታውቅ ልጅ እውነተኛ ኃላፊነት ተሸክማለች። ከሌሎች ክበቦች ጋር ሳነጻጽረው ቀይ መስቀልን ከላይ የማስቀምጠው ለዚህ ነው።

ሌላም አለሽ። የድሬ ልጅ ከመምህሯ ጋር በአማርኛ፣ ቀፊራ ገበያ በኦሮምኛ፣ ከጎረቤቷ ጋር በሶማልኛ ታወራለች። ይህ ሌላ ከተማ ያለች እኩያሽ በኮርስ የማታገኘው ነው። ክበብሽ ውስጥ ሁለት ወገን ሲጋጭ መሐል የምትገቢው አንቺ ሁኚ። ድሬና ሐረር ላይ አንቱታ ብዙም አለመኖሩም ይረዳሻል፤ ትልቅ ሰው ፊት ሐሳብሽን ሳትሸማቀቂ መናገር ለምደሻል። አዲስ አበባ ለቃለ መጠይቅ ስትሄጂ ግን «እርስዎ» ማለትን አትርሺ።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ

ምደባው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይጣልሽ ሐረማያ ወይም ሌላ ክልል፣ የተማሪዎች ኅብረት በሁሉም አለ። የካፌው ምግብ፣ የዶርም ችግር፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሁሉ እዚያ ያልፋል፤ ከአስተዳደር ጋር ፊት ለፊት መደራደር የሚማሩበት ቦታ ነው። ለሴት ተማሪዎች ጉዳይ የተለየው ቦታ ይጠቅማል፣ በተለይ ጥቃት የደረሰባት ልጅ የምትሄድበት ሰው ሲያስፈልግ። እዚያ ብቻ ግን አትወሰኚ። በጀትና ምግብ የሚመለከተው ክፍል ሰው ሲፈልግ እጅሽን አውጪ።

ከአገር ውጭ የሚወስዱት

ዕድሜሽ ከ16 እስከ 19 ከሆነ ሁለት ስሞች ልታውቂ ይገባል። የአፍሪካን ሊደርሺፕ አካዳሚ ጆሃንስበርግ ይገኛል፤ በ2004 ተመሥርቶ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በ2008 ተቀበለ። ከመላው አፍሪካ የተመረጡ ወጣቶች ሁለት ዓመት ይማሩበታል፤ ከካምብሪጅ ኤ ሌቭል ጎን የአፍሪካ ጥናትና የሥራ ፈጠራ አመራር አለ። እኔን የሚማርከኝ ተማሪዎቹ በግቢው ውስጥ እውነተኛ ትናንሽ ድርጅቶች መክፈታቸውና መምራታቸው ነው፤ ሥራ አስኪያጇ ተማሪ ናት፣ ትርፍና ኪሳራው የራሳቸው ነው። ሁለተኛው ዩናይትድ ወርልድ ኮሌጅስ ነው። በ1962 ዌልስ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በተለያዩ አህጉራት 18 ትምህርት ቤቶች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ የኢስዋቲኒው ዋተርፎርድ ካምህላባና የታንዛኒያው ይገኙበታል። ትምህርቱ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ነው፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትም የትምህርቱ አካል ነው። ስኮላርሺፕ ያለው ምርጫ በአብዛኛው የሚካሄደው በየአገሩ ብሔራዊ ኮሚቴ በኩል ነው።

የቱ ይሻላል? ንግድና ድርጅት መምራት የሚያጓጓሽ ከሆነ፣ ወደፊትም አፍሪካ ውስጥ መሥራት ከፈለግሽ፣ የጆሃንስበርጉ። ከብዙ ዓለም ልጆች ጋር መኖርና ስለ ሰላም፣ ስለ አካባቢ መሥራት ልብሽን የሚስበው ከሆነ ሁለተኛው። ሁለቱም የሚጽፉልሽ ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ እስካሁን ምን ሠራሽ? በክበብሽ ገንዘብ ይዘሽ፣ ጠብ አስታርቀሽ፣ ደቻቱ ዳር ሠፈርሽን አስተባብረሽ ከሆነ የምትጽፊው ነገር አለሽ።

ለዲግሪ ከሆነ ደግሞ ሦስት ልጠቁም። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን የስኮላርሺፕ ፕሮግራም በ2012 የተጀመረ ሲሆን ለወጣት ሴቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከአጋሮቹ መካከል የጋናው አሼሲ እና የእኛው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አሉበት። አሼሲ በ2002 የተከፈተ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሥነ ምግባርን የትምህርቱ እምብርት አድርጎታል። የእስያ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ቺታጎንግ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ በ2008 የተከፈተ ሲሆን ከብዙ አገር የመጡ ሴቶችን በአብዛኛው በስኮላርሺፕ ያስተምራል።

የውጭውን ዕድል በግልጽ እደግፋለሁ፤ 16 ዓመት ሞልቶሽ ከተቀበሉሽ ሂጂ፣ ወላጆችም ፍቀዱላት። የሚገቡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ትምህርትሽን አቋርጠሽ መልስ አትጠብቂ፤ አመልክተሽ ወደ ክበብሽ ተመለሺ።

ተምረው ለጨረሱት

ዕድሜሽ ከ25 እስከ 35 ከሆነና ሥራ ላይ ካለሽ የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎሺፕ አለ። በ2014 ጀምሮ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችን ወጣቶች ለስድስት ሳምንት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቷል። ከ18 እስከ 35 ላሉት ደግሞ ናይሮቢ በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የወጣት አፍሪካውያን መሪዎች ፕሮግራም (ያሊ) የምሥራቅ አፍሪካ ማዕከል አጠር ያለ ስልጠና ሲሰጥ ኖሯል። ሁለቱም በአሜሪካ መንግሥት በጀት ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ ጊዜሽን ከማፍሰስሽ በፊት ለዚህ ዓመት ምዝገባ መከፈቱን ከዋናው ድረ ገጽ አረጋግጪ። የጓደኛን ፖስት አትመኚ።

የሠፈር ወንበር፦ ቀበሌ፣ አፎቻ፣ ቁጠባ

ብዙ ልጆች ይህን መንገድ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ በእኔ አስተያየት ግን ከ20 ዓመት በላይ ላለችውና ከተማዋን ለማትለቀው ከሁሉ የሚጠነክረው ነው። በምርጫ ሕጋችን ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ይበቃል። እስከዚያው የቀበሌና የወረዳ ስብሰባ ለማንም ክፍት ነው። የውኃ ቦኖ የት ይተከል፣ የመንገድ መብራት የት ይብራ የሚባለው እዚያ ነው። ገንደ ቆሬ ውስጥ መብራት የሌለበትን መንገድ ማታ የምትመለስ ልጅ ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች።

«በኮታ ገባች» የሚለውን ሐሜት አትፍሪ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ያለፈውን መድልዎ ለማካካስ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ ፈቅዷል። ሕንድ በ1993 ከመንደር ምክር ቤት ወንበሮች አንድ ሦስተኛውን ለሴቶች በሕግ አስቀመጠች። ተመራማሪዎች በምዕራብ ቤንጋል 495 መንደሮችን አጥንተው በ2012 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ለሁለት የምርጫ ዘመን ሴት የመራችው መንደር ውስጥ ወላጆች ለወንድና ለሴት ልጃቸው ያላቸው የወደፊት ምኞት ልዩነት ጠበበ፣ በልጆቹ ዘንድማ ይበልጥ ጠበበ፣ በትምህርት ደረጃ የነበረው ልዩነት ደግሞ ጠፋ። በኮታ የተቀመጠች አንዲት ሴት የጎረቤቷን ሕፃን ሕልም ቀየረች ማለት ነው።

ሐረር ያለሽ እንደሆንሽ አፎቻ አለልሽ። ጁገል ውስጥ ሴቶች በሠርግና በኀዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ነው፤ ማን ምን ያዋጣል፣ ማን ያገለግላል፣ ያጠፋ እንዴት ይታረማል የሚለው ሁሉ በሥርዓት ይወሰናል። እናትሽን ተከትለሽ ግቢ፣ ቁጭ ብለሽ አዳምጪ፣ ከዚያ መዝገቡን እኔ ልያዝ በይ። ድሬ ላይ ደግሞ እድርና የሴቶች ቁጠባና ብድር ማኅበር አለ። ሂሳብ የተማረች ልጅ ለእነዚህ ማኅበሮች ታስፈልጋቸዋለች፤ የሰው ገንዘብ በታማኝነት መያዝ ደግሞ በየትኛውም ኮርስ የማይገኝ ስም ያስገኛል።

ፋብሪካ ላይ ያለሽ

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛዋን የሚያስታውስ የአመራር ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ማሽን ላይ የምትውል ልጅ ቀጣዩ ደረጃዋ ሱፐርቫይዘርነት ነው፣ ከጎኑም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይነት አለ። ሁለቱም ሰው መምራት ነው። ደመወዝ የሚጨምርልሽ የመጀመሪያው ነው፤ መደራደርን የሚያስተምርሽ ሁለተኛው። ቺታጎንግ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ2016 የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞችን ወስዶ ማስተማር ሲጀምር፣ ፋብሪካዎቹ ልጆቹ እየተማሩ ደመወዛቸውን እንዲከፍሉ ተስማምቷል። ለእኛ ከተማ አሠሪዎች የማቀርበው ምሳሌ ይህ ነው፤ ቀጣሪዎች ቢያንስ የማታ ትምህርት ለሚማሩት ሽፍቱን ያስተካክሉላቸው።

ታላቅ እህት

የትኛውንም ብትመርጪ አንዲት ሴት ከፊትሽ ትኑር። ካምፌድ የተባለው ድርጅት በ1993 ዚምባብዌ ውስጥ ጀምሮ በአምስት የአፍሪካ አገሮች ይሠራል። ራሱ ያስተማራቸው ወጣት ሴቶች ወደ አካባቢያቸው ትምህርት ቤት ተመልሰው ታናናሾቻቸውን ይደግፋሉ፤ በምላሹ ያለ ወለድ ብድር ያገኛሉ፣ ወለዱ የሚከፈለው በሰጡት አገልግሎት ነው። እኛ ጋ ድርጅቱ ባይኖርም አሠራሩን ማን ይከለክለናል? ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለክረምት ስትመለሺ ሳቢያን ወይም ከዚራ ያለው የድሮ ትምህርት ቤትሽ ሂጂና አንድ ክበብ ያዢ።

ከመመዝገብሽ በፊት

ሰዓቱን ጠይቂ። በድሬ ሙቀት ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሰው አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ብዙ ስብሰባ ወደ ማታ ይገፋል። ማታ የሚያልቅ ከሆነ የባጃጅ ሂሳብ ማን ይከፍላል፣ ከማን ጋር ትመለሻለሽ የሚለው ቀድሞ ይለይ። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚከለክሉት ስብሰባውን ሳይሆን የመመለሻውን ሰዓት ነው፤ ይህ ሲፈታ ፈቃዱ ይገኛል።

ወረቀቶችሽን አሁን አዘጋጂ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ ትራንስክሪፕት፣ ፓስፖርት። የልደት ቀንሽ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር በአንድ ቀን ቢዛነፍ እንኳ ጣጣ ያመጣል። የማመልከቻ ማብቂያ «23:59 ጂኤምቲ» የሚል ካየሽ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው፤ መብራትና ኔትወርክ ሳይጠፋብሽ በፊት ባለው ቀን ላኪው።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝተሻል» ብሎ ወዲያው የምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅሽን አትመልሺለት። ውጭ አገር ለስብሰባ እንወስድሻለን የሚል ደላላ ፓስፖርትሽን ልያዝ ካለም አትስጪው፤ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር የሚወጣው መንገድ በዚህች ከተማ ያልፋል፣ የሚያታልሉትም መልካም ስም ይዘው ነው። የጥሪውን ደብዳቤ ይዘሽ ለትምህርት ቤትሽ ርዕሰ መምህር ወይም ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አሳዪ፤ ቤተሰብሽም ከመፈረምሽ በፊት ደብዳቤውን ያንብቡት።